አየር ላይ የቀረው ሙሽራ

መቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሚዜ፤
ቡሬ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ብርድ ሲነካው የሚያምህ ያ ግራ ጉልበትህስ ተሻለው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ቡናው ዘንድሮ ቡሬ ላይ እንዴት ያዘ? እዚህ መቱ ቅርንጫፉ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል፤ ለቃሚ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ጫካ ገብቷል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት። እንዲያውም እንዲህ ደህና ሆና ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። «ከናፍቆትህ በስተቀር» የሚባለውን ግን ዘልዬዋለሁ። አልናፈቅከኝም።

እስከ ዛሬ «ጋሼ» እያልኩ በእርስዎ ነበር የምጽፍልህ። አሁን «አንተ» ስልህ ብዕሬ የሳተ እንዳይመስልህ። ለምን እንደሆነ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ ይገባሃል።

መልእክተኛህ ነመራ ትናንት ከቡሬ መጣ። መልእክትህን አንዲት ቃል ሳያስቀር ነገረኝ። «ሮማነወርቅ ጥርሴን ልነቀል ብላ ከወረደች ሳምንት አለፋት፤ መቱ የሚነቀለው ጥርስ ነው ወይስ ሰው?» ብለሃል አሉ። እውነቴን ነው፣ አሳቅኸኝ። ጨዋታ ድሮም ታውቅ ነበር። እንዳትጨነቅ መልሱን ላስቀድምልህ፦ ጥርሷ ተነቅሏል፣ እብጠቱም ጎድሏል፣ ትንሹ ልጅም አብሯት ደህና ነው። ያለችው እኛ ቤት ነው። ሰው የገባበት ሲጠፋ ቤተሰብ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቀዋለንና ላስጨንቅህ አልፈለግሁም።

«እኛ ቤት» ስልህ መብራቱን ጠጋ አድርገህ ደግመህ ሳታነበው አትቀርም። አንተን ካገባች ወዲህ የእናቴን ደጅ ረግጣ አታውቅማ። ገበያ ላይ እናቴን ከሩቅ ካየቻት በጨርቅ ተራ በኩል ዞራ ነው የምትጠፋው። የጠራኋት እኔ ነኝ። «እናቴ ታማለች፣ ይቅር ሳትባባሉ እንዳትሞት ድረሽ» ብዬ ላክሁባት። እናቴ ጉንፋንም አልያዛት። ውሸት የምታውቅበት አንተ ብቻ አይደለህም፤ የኔው ግን ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ነበር፣ ያንተን ያህል ዕድሜ የለውም።

እስቲ ከሥሩ ልጀምርልህ። ደብዳቤ መጻፍ እንደምወድ ታውቃለህ፤ ዛሬ ደግሞ ጊዜም ወረቀትም አለኝ።

የወንድሜን የአምባዬን ሰርግ መቼም አልረሳኸውም። ጥር 1968 ነበር፤ ጥር ላይም ዝናብ የማያጣት መቱ ያን ቀን ደጃችንን ጭቃ አድርጋው ነበር። ሙሽራ መሬት አትረግጥም፣ ሚዜ ነው የሚያዝላት፤ አንተም አንደኛ ሚዜ ነህና ሮማነወርቅን ከላንድሮቨሩ አዝለህ ወደ ዳሱ ስትመጣ እበሩ ላይ ሸተት አለህ። ሴቱ ሁሉ ጮኸ። አንተ ግን የሙሽራዋን እግር ጭቃ ከማስነካት ብለህ በግራ ጉልበትህ ድንጋይ ላይ ወደቅህ። ተነሥተህ እያነከስህ አደረስሃት። ጎረቤታችን እትዬ ትብለጥ «ሚዜ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ ዳሱ ውስጥ ቆመህ ማልህ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነኝ፤ አምባዬ ቢያስከፋሽ የሚጣላው ከኔ ጋር ነው» አልሃት። ሚዜ ለሙሽራ ወንድም ነው፣ እህት ደግሞ ሚስት አትሆንም። ይህን የማያውቅ የክርስቲያን ልጅ በኢሉባቦር የለም።

ያ ጉልበት የተጎዳው እንግዲህ እበራችን ላይ ነው። ይህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዓመቱ ሁለታችሁም ለጦሩ ተነሣችሁ። ከወራት በኋላ አምባዬ ከደብረ ዘይት ጻፈ። «እኔም ሚዜዬም አየር ወለድ ሆነናል፤ ሁለታችንም ዘለናል፤ ሁለታችንም ደህና ነን» ይላል። ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፤ «የወለድሁት እኔ፣ አየር ነው ወላጁ የሚባለው?» አለች። እትዬ ትብለጥ «አየር ወለድ ማለት ከመላእክት ጋር የሚሰለፍ ጦር ነው» ብላ አስረዳቻት። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ጅራታ ደግሞ «ቂሌንሳ፣ ቂሌንሳ ላይ ነው የሚሄዱት፣ ነፋሱ ላይ» እያለ እጁን እንደ ጭልፊት ዘረጋ። ቃሉ ሰፈሩን ያዘው። ልጆች የእናታቸውን ነጠላ አራት ማዕዘኑን ይዘው ከካቡ ይዘሉ ጀመር። ጠጪ ሲንገዳገድ አየር ወለድ፤ የትብለጥ አውራ ዶሮ አጥሩን ሲሻገር አየር ወለድ። እናቴም ለመደችው፤ ገበያ ላይ የማታውቀውን ሰው ሳይቀር «ልጄ አየር ወለድ ነው» ትለው ነበር።

1970 ላይ አንተ መጣህ። ብቻህን። ቀይ ቆብ ደፍተህ፣ እያነከስህ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ያየህ ሰው ገና ሳትናገር ያለቅስ ጀመር። ዳስ ተጣለ፤ ሬሳ የለምና የአምባዬን ልብስና ፎቶግራፉን አስቀምጠን አለቀስን። አንተ መሃል ላይ ቆመህ ተናገርህ። አብራችሁ መዝለላችሁን፣ አጠገብህ እንደ ነበረ፣ ጥይቱ አየር ላይ ሳለ እንዳገኘው፣ አንተ ጉልበትህ ተሰብሮ እንደ ተረፍህ። እውነት ለመናገር አሳምረህ ነበር የተናገርኸው። ወንዱ ሁሉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

እናቴ ሦስተኛው ቀን ላይ ጠርታ «የት ነው የተቀበረው?» አለችህ። መቃብሩ ሩቅ ለሆነ ሰው ካለበት አፈር ይመጣል፤ አፈሩ አገሩ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ሐዘንተኛ ይቀመጣል፣ ይጽናናል። ጭብጥ የምታህል አፈር ነበር የፈለገችው። አንተ ምን አልሃት? «እማማ፣ አየር ወለድ መቃብር የለውም። ነፋስ ነው የወሰደው። አየር ላይ ነው የቀረው» አልሃት። ጋሼ ጅራታ አላስችል ብሎት «የወጣ ነገር እኮ ይወርዳል፤ ንብም ይወርዳል፣ ቅጠልም ይወርዳል» ቢልህ፣ «እርስዎ አውሮፕላን ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?» ብለህ ዝም አሰኘኸው። ጋሼ ጅራታ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሁላችንም አናውቅም። ስለማናውቀው ቃል ምን ብለን እንከራከር?

ዛሬ ሳስበው ብልጠትህ ይገርመኛል። ጠፋ ብትለን ኖሮ እንጠብቀው ነበር። ሞተ ብቻ ብትለን አፈሩን እንጠይቅህ ነበር። አንተ መሃሉን አገኘህ፤ የማይጠበቅም የማይቀበርም አደረግኸው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ እንዴት እንደኖረች አንተ ቡሬ ሆነህ አላየህም፤ ላሳይህ። የጎሬው አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጅ ትቆማለች፣ ድምፁ እስኪጠፋ። ነፋስ በተነሣ ጊዜ በሩን ትከፍታለች። «ልጄ አፈር አልቀመሰም፤ ሲያልፍ ቢገባ ተከፍቶ ያግኘው» ትላለች። እኔ እዘጋለሁ፣ እሷ ትከፍታለች። በክረምት ወጨፎው እስከ መደቡ ድረስ ይገባል። የነፍስ አባቷ መክረዋታል፣ ተቆጥተዋታል፤ አልሰማችም። አየር ወለድ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ። እትዬ ትብለጥ እንኳ፣ አፏ ቁልፍ የሌለው ትብለጥ፣ ዶሮዋን ስትጠራ ዶሮ ብቻ ማለት ጀመረች።

ሮማነወርቅ ሁለት ዓመት ጥቁር ለበሰች። አንተ ሽማግሌ ላክህ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አፍረው «ሚዜ ሙሽራዋን? እንዴት ይሆናል?» ሲሉህ ሌላ ቃል አወጣህ። «አውሮፕላኑ ውስጥ ሳለን በጆሮዬ ጮኾ አደራ ብሎኛል፤ እኔ ካልተመለስኩ ሮማን ያንተ ናት ብሎኛል» አልህ። የሟች ኑዛዜ ሆነ፤ ማን ይመልሰዋል? እናቴ ነች እኮ በመጨረሻ «የልጄ ቃል ከሆነ ይሁን» ያለችው። አፏን በነጠላዋ ይዛ። አንተም ሮማነወርቅን ይዘህ ቡሬ ገባህ፤ ሊቀመንበር ሆንህ፤ በየመስከረም ሁለቱ ቀዩን ቆብ ደፍተህ መድረክ ላይ ወጥተህ ከሰማይ እንዴት እንደወረድህ ስታወራ ትኖራለህ። ዘንድሮም አውርተሃል አሉ። ጥሩ አጨበጨቡልህ?

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ እንግዳ መጣልን። ከአዲስ አበባው አውቶቡስ ወረደና ማንንም መንገድ ሳይጠይቅ መጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ሶማሌ አገር እስር ቤት የነበሩት ሰዎች ዘንድሮ እንደተለቀቁ በሬዲዮ ሰምተሃል። በሩ ክፍት ነበር፤ ያን ቀን ነፋስ ነበር።

እናቴ አልጮኸችም። ማንም ቢሆን ፊቱን ነው መጀመሪያ የሚያየው፣ አንገቱን ነው የሚያቅፈው። እሷ ጎንበስ ብላ እግሩን ዳሰሰች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። መሬት መርገጡን ካረጋገጠች በኋላ ከጫማው ላይ የመቱን ጭቃ በጣቷ ፋቅ ፋቅ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብላ ፊቱን ያየችው። ያቺ ቋጠሮ እስከ አሁን አልተፈታችም። ያን ዕለት ማታ በሩን ራሷ ዘጋች።

«መቱ ወሬ ይዛ አታድርም፣ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ?» ትል ይሆናል። እናቴ «የኅዳር ማርያም ዕለት እኔ እልል ሳልል ማንም እልል እንዳይል» ብላ ሰፈሩን አስማለች። ደግሞ ሰው ወሬውን ያልላከልህ ለመሐላው ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ፊትህን ማየት ስለፈለገ ነው። እትዬ ትብለጥ ምን ትላለች መሰለህ? «በዕድሜዬ የያዝሁት አንድ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ሆዴን ነፍቶታል፣ ግን ለሱ ስል እችለዋለሁ!»

እንግዳው ብዙ አያወራም። ከስንት ቀን በኋላ ነው ቀስ በቀስ ያወጣነው። ዘልሎ ግራር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ማሰሪያውን ሳይቆርጥ እንደ ተማረከ። አጠገቡ ማን ነበር ብለን ጠየቅነው። የሐረርና የአርሲ ልጆችን ስም ጠራ። ያንተን አልጠራም። እኔ ገፋሁት። እናቴ በጡቷ ስትለምነው ነው የተናገረው።

አንተ አውሮፕላን ውስጥ ገብተህ አታውቅም። ስልጠናው ላይ፣ ከማማው አፋፍ ላይ ደርሰህ የብረቱን አግዳሚ አቅፈህ ቀረህ። አሠልጣኙ ጮኸ፣ ሰዉ ሳቀ፣ እጅህ አልላቀቅ አለ። መሰላሉን ተመልሶ ወጥቶ፣ እጅህን ከብረቱ ፈልቅቆ፣ አዝሎ ያወረደህ እሱ ነው። ሚዜ ሙሽራን ሲያዝል ነው የምናውቀው፤ ሙሽራ ሚዜውን ሲያዝል አንተ የመጀመሪያው ሳትሆን አትቀርም። የጃንጥላ መጋዘን ተመደብህ። ያን ጊዜ ነው «ሁለታችንም ዘለናል» ብሎ የጻፈልን። እንዳታፍር ብሎ። አገር ስትገባ አንገትህን እንዳትደፋ ብሎ ለናቱ ዋሸልህ። የሱን ውሸት ነው አንተ መሰላል አድርገህ የወጣህበት።

ቆቡም ያንተ አይደለም። የሄደበት ቀን ጠዋት መጋዘኑ ድረስ መጥቶ «ካልተመለስኩ ይህን ለእናቴ አድርስልኝ» ብሎ የሰጠህ ነው። የሰጠህ አደራ ይኸው ነበር፤ ሌላ ምንም አላለህም፣ ስለ ሮማነወርቅም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንተ ግን ለእናቱ የተላከውን ደፍተህ፣ ስለ ሚስቱ ያልተባለውን ተናገርህ።

ይህን ሁሉ ነግሮን ሲያበቃ «ምን እናድርገው?» አልሁት። «ልጆች አሏቸው?» አለኝ። «ሦስት» አልሁት። «ተዪው፣ እህቴ» አለኝ። እሱ ትቶሃል። ይህን የምነግርህ እንድታመሰግነው አይደለም። እኔ እንዳልተውኩህ እንድታውቅ ነው።

ስለዚህ ሮማነወርቅን ጠራኋት። ጉንጯን በሻሽ አስራ፣ ትንሹን አዝላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ በበሩ ገባች። እናቴ ትሞታለች ብላ ነው የመጣችው። እንግዳው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍል ነበር። ቀና አለ። እኔ ትወድቃለች ብዬ ልደግፋት ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ አያት፣ ካሰረችው ሻሽ እስከ ጭቃ የነካው እግሯ ድረስ አያት፣ ከዚያ በዚያ ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«በእግርሽ መጣሽ? ሚዜው የት ሄዶ ነው?»

አልወደቀችም። በቆሎው ላይ ነው ቁጭ ያለችው። ያለቀሰችውን ለቅሶ አልነግርህም፤ እሱ ያንተ ጉዳይ አይደለም። ሲመሽ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ሸተት ሲለው ጉልበቱ ድንጋዩን የመታው ግራው ነበር ወይስ ቀኙ?» አለችኝ። «ግራው» አልኋት። «እኔ ጀርባው ላይ ነበርኩ እኮ» አለች። «ያንኑ ጉልበት ስንት ክረምት በቅቤ አሸሁለት፤ ከሰማይ ሲወርድ የተጎዳ ነው እያለኝ።» ከዚያ ወዲህ ስምህን አላነሣችም።

ልቆይ ነው አላለችም፤ ልሂድም አላለች። የላከችው መልእክት አንድ ነው፦ ሁለቱን ትልልቆቹን ልጆች ሐሙስ ዕለት የአውቶቡሱ ሾፌር ደርበው ከጎኑ አስቀምጦ ያምጣቸው፣ ሹራባቸውን አትርሳ፣ መቱ ማታ ማታ ይበርዳል ብላለች። አልልክም ካልህ አትጨነቅ። እንግዳው ራሱ ቡሬ መጥቶ ይወስዳቸዋል። የሰው አገር ላይ መውረድ ያውቅበታል።

የእናቴን መልእክት ላድርስና ልጨርስ። የኅዳር ማርያም ዕለት ዳስ ትጥላለች፤ ያው የዱሮው ቦታ ላይ፣ ያው እድር፣ ጋሼ ጅራታም በዳኝነቱ ወንበር ላይ። አንተ እንድትመጣ ትፈልጋለች። ቃሏን ልጻፍልህ፦ «አልሰድበውም፣ አልረግመውም። ያን ቆቡን ደፍቶ ይምጣና ያን ጊዜ የቆመበት ቦታ ላይ ቆሞ ልጄ እንዴት እንደሞተ አንድ ጊዜ ይንገረኝ። ቃሉን ሳይለውጥ። እኔ ተቀምጬ እሰማዋለሁ፣ አጠገቤ የሚቀመጠውም ይሰማዋል። ሲጨርስ ቆቤን ይስጠኝና ይሂድ።» ጋሼ ጅራታም «እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ የወጣ ነገር ይወርዳል ወይስ አይወርድም?» ብሏል።

ሳልነግርህ በድንገት ብጠራህ ትመጣ ነበር፣ አውቃለሁ። እትዬ ትብለጥም «ቂል ነሽ፣ ለምን ትጽፊለታለሽ?» ብላኛለች። እኔ ግን ድንጋጤህን አይደለም የምፈልገው፤ ድንጋጤ ያልፋል። አስብበት። ብትመጣ እሱ አለ። ብትቀር ቡሬ እንደሆነ ወሬው በማግስቱ ይደርሳታል። ብትሸሽ ልጆችህ በምን ስም ሊጠሩህ ነው? እናቴን አሥር ዓመት ወዲያም ወዲህም ሳትል አንጠልጥለህ አቆይተሃታል፤ እኔ የሰጠሁህ እስከ ማርያም ያለውን ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ነፋስ ሲነሣ በሩን ክፈተው፤ እሷ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ነመራ ደብዳቤውን ይዞ ለመሄድ እየጠበቀኝ ነው፤ ምን እንደያዘ አያውቅምና አትቆጣው። እንደ ዘመኑ ደብዳቤ መጨረሻው ላይ መፈክር መጻፍ ነበረብኝ፤ አንተ በየመድረኩ ስለምትጮኸው ይበቃል። እኔ ምርቃት ልስጥህ። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ እጅግ ረጅም፤ ሁሉን እያስታወስህ የምትኖረው። ጉልበትህን ይማርልህ፣ መድረኩ ላይ ሳታነክስ እንድትቆም። እግርህ መሬት ይርገጥ።

እንግዳው አሁን ውጭ ነው፤ እበራችን ላይ ያለችውን ያቺን ድንጋይ በዶማ እየነቀለ ነው። ሰው ያደናቅፋል ብሎ።

የሙሽራው እህት